ከፊደል ራስ እስከ ስልክ ራስ፦ ትንንሽ ምልክቶች የሚናገሩትና የሚደብቁት

ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ በቀን ደጋግሞ የሚያነበው፣ ማንበቡን ግን ልብ የማይለው አንድ ጽሑፍ አለ። ከስክሪኑ አናት ላይ የተደረደረው የምልክት ረድፍ ነው፦ የኔትወርክ ዘንግ፣ ዋይፋይ፣ የባትሪ ሣጥን፣ ሰዓት፣ የመልእክት ፖስታ፣ አንዳንዴም አውሮፕላን። አንዱ ምልክት ከምስር ፍሬ አይበልጥም። ሆኖም ሰው አሁን ልደውል ወይስ ልቆይ፣ ገንዘቡን ልላክ ወይስ ለነገ ላሳድረው፣ ባትሪው ያደርሰኛል ወይስ መብራት ወዳለበት ልሂድ ብሎ የሚወስነው እነሱን ዐይቶ ነው።

ይህን ረድፍ የፈለሰፉትና የቀረጹት በአብዛኛው ካሊፎርኒያ፣ ፊንላንድና ጃፓን የተቀመጡ ዲዛይነሮች ናቸው። ደብረ ማርቆስ ወይም ደጀን ሆኖ የሚያነበው ሰው ግን ለምልክት እንግዳ አይደለም። ከ400 ዓመት በላይ ከጽሑፍ አናት ላይ ትንንሽ ምልክት እየጫረ፣ በዚያም እየተመራ ሲያዜም የኖረ ሕዝብ ልጅ ነው። ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ሁለት ነገር ይረዳል። ምልክት ትንሽ መሆን የሚችለው ከጀርባው ሰፊ የጋራ ዕውቀት ሲኖር ነው። የሚታመነው ደግሞ ሲሳሳት የሚያርመው ሲኖር ነው።

🔸 ከጥፋት ማግስት

ትውፊቱ እንደሚለው ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ሦስት የዜማ ስልቶች ሰጠ። ከዚያ በኋላ ወደ 1000 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ዜማው ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ ሲተላለፍ ኖረ። ቃሉ በብራና ላይ ተጽፏል፤ ድምፁ ግን ያለው በሰው ውስጥ ብቻ ነበር። ሊቁ ሲሞት ያልተላለፈው ሁሉ አብሮት ይቀበራል።

ከዚያ የአሕመድ ግራኝ ጦርነት መጣ (እ.ኤ.አ. 1529–1543)። አድባራት ተቃጠሉ፣ መጻሕፍት ጠፉ፣ ሊቃውንት አለቁ። በጦርነቱ መሐል ነግሠው ከጦርነቱ በኋላም የገዙት ዐፄ ገላውዴዎስ ናቸው (እ.ኤ.አ. 1540–1559)። የዜማ ምልክት የተደራጀው በእሳቸው ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደሆነ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይናገራል። የሁለቱ ሊቃውንት ስም ሳይንት ካለችው ተድባበ ማርያም ጋር ተያይዞ ይነሣል።

ወቅቱን ላስተዋለ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። በቃል ብቻ የኖረ ዕውቀት በአንድ ትውልድ ውስጥ ሊጠፋ እንደሚችል በዐይን ታይቷል። ስለዚህ ድምፅን በቀለም መያዝ አስፈለገ። ችግሩ ቦታው ነው። ብራና ውድ ነው፤ መስመሩ በቃሉ ተይዟል። የቀረው ክፍት ቦታ በሁለት መስመሮች መካከል ያለው ጠባብ ሰርጥ ብቻ ነበር። የኢትዮጵያ የምልክት ንድፍ ጥበብ የተፈተነው እዚያ ሰርጥ ውስጥ ነው።

🔸 ማስታወሻ እንጂ ማስተማሪያ ያልሆነ

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ምልክት ሆነ። አንደኛው የፊደል ምልክት ነው። ተማሪው በቃሉ ከሚያውቀው ድርሰት አንድ ሐረግ ይወሰድና ከዚያ ውስጥ አንድ ወይም ጥቂት ፊደል ተቀንሶ በአዲሱ ቃል ራስ ላይ በደቃቅ ጽሕፈት ይቀመጣል። ትርጉሙ “ይህን ቃል እንደዚያ ሐረግ አዚመው” ማለት ነው። እንዲህ ያሉ ምልክቶች በመቶዎች ይቆጠራሉ።

ሁለተኛው ዓይነት ፊደል ያልሆነ ቅርጽ ነው፦ ነጥብ፣ ቅስት፣ ሰረዝ። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደትና ቁርጥ ይባላሉ፤ አጭር ርክርክና ደረት ሂደት ሲጨመሩ 10 ይሞላሉ። ስማቸው ራሱ ሥራቸውን ይናገራል። ደረት ድምፁን ከደረት ያወጣዋል፤ ድፋት ይደፋዋል፤ ርክርክ ያንቀጠቅጠዋል፤ ሂደት ያስኬደዋል፤ ቁርጥ ይቆርጠዋል። ሊቃውንቱ እነዚህኑ ምልክቶች ከክርስቶስ ሕማማት ጋር እያያዙ ያመሠጥሯቸዋል።

የዛሬ ዲዛይነር ይህን ሥራ ቢመረምረው የራሱን ሕጎች ያገኝበታል። ምልክቱ በአንድ ወይም በሁለት የብዕር ምት ይጻፋል። ከጎረቤቱ ምልክት ጋር አይምታታም። ከፊደሉ ጋርም አይምታታም። ዋናውን ጽሑፍ አይሻማም፤ ለሚፈልገው ይናገራል፣ ለማይፈልገው ዝም ይላል። ቀለም ቢለወጥም ቅርጹ ይነበባል።

ይሁን እንጂ ትልቁ ምስጢር ከቅርጹ ውጭ ነው። ይህ ምልክት ምንም የማያውቅን ሰው አያስተምርም። ዜማውን የሚያውቀውን ሰው ያስታውሳል። ከእያንዳንዱ ነጥብ ጀርባ የዓመታት ትምህርት አለ። የጎጃም ደብሮች ይህን ዓለም በቅርብ ያውቁታል። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስ በቅኔ የታወቁ ጉባኤዎች ናቸው። ተማሪው ቅኔን ከጎጃም ይቀስማል፤ ድጓውን ለማስመስከር ደግሞ ወደ ጋይንት፣ ወደ ቤተልሔም ይሻገራል። ሐዲስ ዓለማየሁን ያሳደገው፣ “ፍቅር እስከ መቃብር” ውስጥም የሚታየው የአብነት ትምህርት ዓለም ይኸው ነው።

የቅኔው ትምህርትም በራሱ ብዙውን በጥቂት የማሸግ ትምህርት ነው። አጭሩ ቅኔ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ አለው፤ በዚያ ውስጥ ሰምም ወርቅም ይገባል። ሰሙን ብቻ ሰምቶ የሚሄድ አለ፤ ወርቁን ፈልቅቆ የሚያወጣ አለ። ልዩነቱ የጆሮ ጥራት ሳይሆን የትምህርት ነው።

ሌላም ነገር አለ። በማኅሌት ምልክቱን የሳተ ደብተራ ስሕተቱን ደብቆ አያልፍም። ጉባኤው ሁሉ ይሰማዋል፤ መሪጌታው ያርመዋል። ምልክቱን የሚጽፈው፣ የሚያነበውና የሚያርመው በአንድ ደብር ጣራ ሥር ይገናኛሉ።

🔸 በካሬ ወረቀት የተሣለ ዓለም

የስልኩ ረድፍ ታሪክ ከዚህ በጣም ያጠረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ሱዛን ኬር የተባለች አሜሪካዊት ሠዓሊ አፕል ገባች። በዓመቱ ለወጣው ማኪንቶሽ ኮምፒዩተር ምልክቶችን የሣለችው ካሬ ወረቀት ላይ ነው፤ 32 በ32፣ በድምሩ 1,024 ካሬ። እያንዳንዱ ካሬ ወይ ጥቁር ነው ወይ ነጭ። ኬር ይህን ሥራ ከሞዛይክና ከጥልፍ ጋር ታመሳስለዋለች። ክር እየቆጠረች ቀሚስ የምትጠልፍ የጎጃም ሴትም አታጣውም፤ መስቀሉ ክብ እንዲመስል የት ላይ አንድ ክር መዝለል እንዳለባት ታውቃለች።

ስልክ ሲመጣ ቦታው ይበልጥ ጠበበ። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ኖኪያ 3310 ጠቅላላ ስክሪኑ 84 በ48 ነጥብ ነበር። ከዚያ ላይ በግራ የኔትወርኩ ዘንግ፣ በቀኝ ባትሪው ቆመው ለቀረው ነገር ሁሉ መሐሉን ለቀቁለት። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ጃፓን ውስጥ ሺገታካ ኩሪታ ለኤንቲቲ ዶኮሞ 176 ምልክቶችን 12 በ12 በሆነ ሰሌዳ ላይ ሣለ። ልብ፣ ፀሐይ፣ ዝናብ፣ የሚስቅ ፊት፣ ሁሉም በ144 ነጥብ። ዛሬ ኢሞጂ ለሚባለው ነገር መሠረት ከሆኑት አንዱ ይህ ስብስብ ነው።

በአንድሮይድ ስልኮች ደግሞ ለላይኛው ረድፍ የሚሠራ የማሳወቂያ ምልክት 24 በ24 በሆነ መለኪያ ይሣላል። እ.ኤ.አ. ከ2014ቱ 5ኛ ሥሪት ጀምሮ ቀለም አይፈቀድለትም፤ የተሣለው ነገር ሁሉ አንድ ወጥ ቀለም ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ዲዛይነሩ ጥላውን፣ ቀለሙንና ዝርዝሩን ትቶ ከነገሩ የሚያስቀረው ጥላ ቢሱን አካል ብቻ ነው። ከሩቅም ሆነ በፀሐይ፣ በተሰነጠቀ ስክሪንም ቢሆን መለየት አለበት። የብራናው ሰርጥና የስልኩ ሰርጥ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው።

ግን ከካሬው ጀርባ ያለው ዕውቀት የማን ነው? ፖስታው ደብዳቤ ከቤቱ ደጃፍ ለሚደርሰው ሰው የተሣለ ነው። በኢትዮጵያ ደብዳቤ የሚመጣው ወደ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው፤ የገጠር ሰው ደግሞ ደብዳቤ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ በመንገደኛ እጅ ነበር። የዛሬው ወጣት የታሸገ ፖስታን መጀመሪያ ያየው ስልኩ ላይ ሊሆን ይችላል። አውሮፕላኑም እንዲሁ ነው። ተሳፍሮ ለማያውቅ ብዙ ሰው ይህ ምልክት የበረራ ምልክት አይደለም፤ “ኔትወርክ እንቢ ሲል አብርተህ የምታጠፋው ነገር” ነው። ሰዉ ምልክቱን ከሠሪው ተቀብሎ ሌላ ሥራ ሰጥቶታል።

🔸 “ኢ”፣ “ኤች” እና “ፎር ጂ”

ከኔትወርኩ ዘንግ አጠገብ የሚወጡት የላቲን ፊደላት ከዜማው የፊደል ምልክት ጋር ቅርብ ዘመዶች ናቸው። “ኢ” ኤጅ ከሚባለው ቴክኖሎጂ ስም የተቀነሰች ናት። “ኤች” ከሌላ ረጅም ስም፣ “ፎር ጂ” ከአራተኛው ትውልድ። እንደ ዜማው ምልክት ሁሉ እነዚህም “ሙሉውን ታውቀዋለህና በአንድ ፊደል ላስታውስህ” የሚሉ ናቸው።

ልዩነቱ ሙሉውን ማንም አለማወቁ ነው። የድጓ ተማሪ ፊደሏ የተቀነሰችበትን ሐረግ በቃሉ ይዞታል። የስልክ ባለቤት ግን “ኢ” የተቀነሰችበትን ጽሑፍ አይቶት አያውቅም። ቢሆንም ተምሮታል፤ መምህሩ ትዕግሥት ነው። “ኢ” ስትወጣ ፎቶ እንደማይከፈት፣ “ፎር ጂ” ሲወጣ ቪዲዮ እንደሚሄድ አንድ የደብረ ማርቆስ ተማሪ ከማንም መሐንዲስ ባልተናነሰ ያውቃል። ያለ መምህርና ያለ መጽሐፍ፣ በገዛ ካርዱ እየከፈለ የተማረው ዕውቀት ነው።

ይህ የሕዝብን የመማር ዐቅም ያሳያል። ዋጋውንም ያሳያል። ሠሪው ሳያስብበት የተወውን ነገር ተጠቃሚው በራሱ ጊዜና ገንዘብ እየከፈለ ያሟላዋል። ፊደላችን ራሱ ይህን ዋጋ ከፍሏል። በላቲን ፊደል የሚጻፍ አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት እስከ 160 ፊደል ይይዛል። በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን 70 ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ያለፈው እንደ ሁለተኛ መልእክት ይቆጠራል። “ሰላም ነው” ከማለት “selam new” ብሎ በላቲን መጻፍ ለምን እንደተለመደ ለሚጠይቅ አንዱ መልስ ይህ ነው።

🔸 ለሌላ አገር ፀሐይ የሚቆጥር ሰዓት

ከረድፉ ሁሉ ኢትዮጵያዊው አንባቢ በየቀኑ ተርጉሞ የሚያነበው ሰዓቱን ነው። ስልኩ 7:00 ይላል፤ ሰዉ “1 ሰዓት” ብሎ ያነባል። ስልኩ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል፤ በኢትዮጵያ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነ አገር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በተቀራራቢ ሰዓት ስለምትወጣ ይህ አቆጣጠር ከተፈጥሮ ጋር የሚስማማ፣ ስሌትም ያለው ነው።

ትርጉሙ ቀላል ይመስላል፤ 6 መቀነስ ወይም መደመር ነው። ግን ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ ንጋት 11 ሰዓት መነኸሪያ ተገኝ ተብሏል እንበል። ስልኩን ለ10 ሰዓት መሙላት ፈልጎ 10:00 ላይ ከሞላው፣ ስልኩ የሚጮኸው አውቶቡሱ ዓባይን ተሻግሮ ጎሃ ጽዮንን ካለፈ በኋላ ነው። መሙላት የነበረበት 4:00 ላይ ነበር። ብዙ ሰው ይህን ስለሚያውቅ አይሳሳትም። የማይሳሳተው ግን ስልኩ ስለረዳው ሳይሆን ስልኩን እሱ ስለሚያርመው ነው።

አዲስ ፈጠራ አያስፈልገውም። ስልኮች 24 ሰዓት ወይስ 12 ሰዓት ብለው ምርጫ ይሰጣሉ። ሦስተኛ ምርጫ ለመጨመር የሚጠይቀው ከስሌት አንድ መስመር፣ ከንድፍ አንድ ትንሽ ልዩነት ነው፤ ሌሊቱን ከቀኑ የሚለይ ነጥብ ወይም ቅስት ቢጨመር ማንም አይምታታበትም። ቴክኖ የተባለውን ስልክ የሚሠራው ትራንሽን ኢትዮጵያ ውስጥ መገጣጠሚያ ፋብሪካ ከከፈተ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። አንድሮይድም ቢሆን ስልክ ሠሪዎች የላይኛውን ረድፍ እንደፈለጉ እንዲቀይሩት ይፈቅዳል። የጎደለው የሚጠይቅ ሰው ነው።

🔸 ሰሙ ሙሉ፣ ወርቁ ባዶ

እስካሁን የተባለው ሁሉ ስለ ምቾት ነው ሊባል ይችላል። የኔትወርኩ ዘንግ ግን ከምቾት ያልፋል።

ዘንጎቹ የሚለኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስልኩ የአቅራቢያውን አንቴና ምን ያህል አጥርቶ እንደሚሰማ። ከአንቴናው ወዲያ ያለው መንገድ ክፍት ይሁን ዝግ አይናገሩም። ስንት ዘንግ ለምን ያህል ጥራት እንደሚሰጥ የሚወስን ዓለም አቀፍ ሕግም የለም፤ እያንዳንዱ ሠሪ በራሱ ቀመር ይመድባል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2010 አፕል የአይፎን ዘንጎች የሚሰሉበት ቀመር ስሕተት እንደነበረና በብዙ ሁኔታ ከሚገባው ሁለት ዘንግ አብልጦ ያሳይ እንደነበር በይፋ አምኗል። ያ ስሕተት የታረመው ገዢዎች ስለጮኹ፣ ጋዜጦች ስለጻፉ፣ ኩባንያው መልስ ለመስጠት ስለተገደደ ነው። ጉባኤው ሰምቷል፤ መሪጌታው ታርሟል ማለት ይቻላል።

በኢትዮጵያ ይህ ልዩነት የፖለቲካ ታሪክ አለው። ከ1997ቱ ምርጫ ቀውስ በኋላ የጽሑፍ መልእክት አገልግሎት ተዘግቶ እስከ ሚሊኒየሙ መባቻ፣ እስከ 2000 ዓ.ም. መግቢያ ድረስ ቆይቷል። ሰኔ 2011 ዓ.ም. ከባሕር ዳሩና ከአዲስ አበባው ግድያ ቀጥሎ፣ ሰኔ 2012 ዓ.ም. ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ ቀጥሎ ኢንተርኔት ተቋርጧል። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ትግራይ ለረጅም ጊዜ ከግንኙነት ውጭ ሆናለች። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲታወጅ ደግሞ ተራው የአማራ ክልል ሆነ፤ በጎጃም ከተሞች ጭምር የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ።

በእንዲህ ያለ ጊዜ የስልኩ አናት ምን ይላል? አንቴናው እስከሠራ ድረስ ዘንጎቹ ሙሉ ናቸው። ጥሪ ሊሠራ ይችላል። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብርም ያለ ዳታ በ*127# ሊንቀሳቀስ ይችላል። ስለዚህ ዘንጉ ውሸት አልተናገረም። የተጠየቀውን ግን አልመለሰም። የቅኔ አገር ሰው በራሱ ቋንቋ ሲያስረዳው፣ ሰሙ “ኔትወርክ አለ” ይላል፤ ወርቁ “መንገድ የለም” ነው። ችግሩ ይህን ቅኔ ስልኩ ያለ ትምህርት ለሁሉም መዝረፉ ነው።

በኋለኞቹ የአንድሮይድ ሥሪቶች ከዘንጉ አጠገብ ትንሽ የቃል አጋኖ ወይም የኤክስ ምልክት ትወጣለች። ስልኩ ራቅ ወዳለ ሰርቨር ደርሶ መመለስ ሲያቅተው የሚያሳያት ናት። ጥሩ ጅምር ነው። ነገር ግን የዚህች ምልክት ትርጉም ብዙ ነው፦ ካርድ አልቋል፣ ፓኬጅ አልተገዛም፣ መብራት ጠፍቶ መሣሪያው ቆሟል፣ መስመር ተቆርጧል፣ ወይም በትእዛዝ ተዘግቷል። አምስት የተለያየ ነገር አንድ ምልክት አለው። በዜማው ሥርዓት ድፋትና ቁርጥ አንድ ምልክት ቢኖራቸው ማኅሌቱ አይሆንም ነበር።

ይህ የሚያስከትለው መዘዝ ቀላል አይደለም። ልጇ አዲስ አበባ ወይም ዐረብ አገር ያለ እናት መልእክቷ ሳይደርስ ሲቀር ምን ብላ ታስብ? ልጁ ዝም አላት? ስልኩ ተሰረቀ? ታሰረ? እህሉን ሸጦ ገንዘቡ በስልክ እንዲላክለት የሚጠብቅ ገበሬ ገዢው አታለለኝ ይበል ወይስ መስመሩ ተዘጋ ይበል? ምክንያቱ ካልታወቀ ሰው ምክንያት ይፈጥራል። ምልክቱ ያልሞላውን ክፍተት ወሬ ይሞላዋል፤ በጦርነት ጊዜ ደግሞ ወሬ ሰው ያስገድላል።

“አገር እየነደደ ስለ ምልክት ቅርጽ ማውራት ቅንጦት ነው” የሚል አይጠፋም። ታሪኩ ግን ተቃራኒውን ያሳያል። አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ሥራቸውን የሠሩት አገር ተቃጥሎ፣ አመዱ ሳይበርድ ነው። ምልክት ይበልጥ የሚያስፈልገው ሰው ከሰው በተቆራረጠ ጊዜ ነው።

🔸 ከኢሞጂ 5 ዓመት የቀደሙት

ይህን ሁሉ መለወጥ ከእኛ ዐቅም በላይ ነው የሚል ስሜት አለ። አንድ የማይነገር ታሪክ ይህን ስሜት ያፈርሰዋል።

የዓለም ኮምፒዩተሮች ፊደላትን የሚለዋወጡበት የጋራ መዝገብ ዩኒኮድ ይባላል። የግዕዝ ፊደል እዚያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 ሥሪት፣ በ345 ሆሄያትና ምልክቶች ነው። እንደ ዳንኤል ያቆብ ያሉ ሰዎች ለዓመታት ሰነድ እያዘጋጁ፣ እያስረዱና እየተከራከሩ የደከሙበት ነው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2005 በ4.1 ሥሪት ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ አጭር ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ደረት ሂደትና ቁርጥ ገቡ። አሥሩም። የጃፓን ኢሞጂዎች በብዛት የተመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። የዜማ ምልክቶቻችን ወደ ዓለም መዝገብ የገቡት ከሚስቀው ቢጫ ፊት 5 ዓመት ቀድመው ነው።

በእርግጥ ሥራው አላለቀም። አሥሩ ምልክቶች የተመዘገቡት እያንዳንዳቸው ራሳቸውን ችለው ቦታ እንደሚይዙ ምልክቶች ነው፤ በራሳቸው በፊደል ራስ ላይ አይወጡም። እንደ ብራናው ከመስመር በላይ እንዲቀመጡ ሌላ የአቀማመጥ ሥራ ይጠይቃሉ። ሆኖም ትምህርቱ ግልጽ ነው። ሰነድ አዘጋጅቶ፣ ምክንያቱን ዘርዝሮ፣ ታግሦ የጠየቀ ሰው አግኝቷል።

ስለ ስልኩ አናትም የሚጠየቀው ከዚያ አይከብድም። ከስልክ ሠሪዎች የሚጠየቀው የኢትዮጵያን ሰዓት በላይኛው ረድፍ ማሳየትና “አንቴናውን እሰማለሁ” የሚለውን “መንገዱ ክፍት ነው” ከሚለው በሁለት የተለያየ ምልክት መለየት ነው። ከአገልግሎት ሰጪዎች የሚጠየቀው መስመር ሲቋረጥ ምክንያቱን በአጭር መልእክት፣ በሰዉ ቋንቋ መናገር ነው፤ ዳታ ሲዘጋም የጽሑፍ መልእክት ሊደርስ ይችላልና። በዐዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ደግሞ ይህን ግዴታ አድርጎ መከታተል ይችላል። አገልግሎት በትእዛዝ ሲዘጋ ማን እንዳዘዘና እስከ መቼ እንደሆነ ማሳወቅ ለደንበኛ የሚደረግ ችሮታ አይደለም፤ ከፍሎ የገዛው ነገር ነው።

ትንሽ ምልክት ትልቅ እምነት ተሸክሞ ይኖራል። የዜማ ምልክት እስከ ዛሬ የኖረው ቅርጹ ስላማረ ብቻ አይደለም። ያጎደለውን የሚሰማ ጆሮ፣ የሚያርም አፍ በአጠገቡ ስለነበረ ነው። የስልካችን አናት ገና እንዲህ ያለ ጉባኤ አላገኘም። በየቀኑ እያነበበው፣ ከልቡ ሰዓቱን እየተረጎመ፣ ፊደሉን እየገመተ፣ ዘንጉን እየተጠራጠረ የሚኖረው ሕዝብ ግን ጉባኤው ራሱ ነው፤ “ተሳስተሃል” ብሎ ድምፁን ማሰማት ብቻ ነው የቀረው።